ማሳዎ ከዳር እስከ ዳር አንድ ካልሆነ፦ የአፈርን ልዩነት ለማወቅ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ቢሯቸው ቸርችል ጎዳና፣ ካዛንቺስ ወይም ሜክሲኮ፣ እርሻቸው ደግሞ በቾ፣ አድአ ወይም ወልመራ የሆነ ሰዎች ምርጫ በዝቶባቸዋል። አንዱ አቅራቢ ድሮን አስነሥቶ ማሳውን ፎቶ ላንሣ ይላል። ሌላው በየሳምንቱ የሳተላይት ምስል በስልክ እልካለሁ ብሎ ውል ያቀርባል። ሦስተኛው አፈር ላይ የሚሰካ መሣሪያ ይዞ በደቂቃ ውስጥ ውጤት እሰጣለሁ ይላል። አራተኛው አካፋና የላስቲክ ከረጢት ብቻ ይዞ ይመጣል። በመጨረሻ ሁሉም ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጉት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባ ካርታ ነው። ካርታዎቹ ይመሳሰላሉ፤ የለኩት ነገር ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ይህ ንጽጽር ከአምስት እስከ ጥቂት መቶ ሄክታር ለሚያርሱ፣ ኩታ ገጠም ማሳዎችን ለሚያስተባብሩ ማኅበራት፣ እንዲሁም ከከተማ ሆነው የእርሻ በጀት ለሚያጸድቁ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የማወዳድረው ዘዴዎችን እንጂ ድርጅቶችን አይደለም። የብር ዋጋም አልጠቅስም፤ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ለሚቀጥለው መኸር አይሠራም። በምትኩ ዋጋውን በምን መመዘን እንደሚቻል አሳያለሁ።

ከካርታው በፊት ውሳኔው

ፕሪሲዥን አግሪካልቸር የሚባለው አሠራር ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የማሳው እያንዳንዱ ክፍል የሚያስፈልገውን ያህል ያግኝ፤ አይብዛበት፣ አይነሰው። ለረጅም ጊዜ ስንሠራበት የኖርነው ምክር ተቃራኒው ነበር። ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ፤ ኮረብታውም ሜዳውም እኩል።

ስለዚህ አቅራቢውን ከመጥራትዎ በፊት ራስዎን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። ካርታው ሲመጣ ምን እቀይራለሁ? በእኛ አካባቢ በማሳ ውስጥ ከቦታ ቦታ ሊለያዩ የሚችሉ ውሳኔዎች ጥቂት ናቸው። የኖራ መጠን አለ፤ የኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር የያዘ ማዳበሪያ) እና የዩሪያ መጠን አለ፤ ውኃ የሚተኛበትን ጥቁር አፈር በሰፊ መደብና በቦይ የማንጣፈፍ ሥራ አለ፤ የሰብል ምርጫ ራሱ አለ። ከእነዚህ አንዱንም ለመቀየር ካላሰቡ፣ ወይም ማዳበሪያውን የሚበትነው ሠራተኛ የትኛው ማሳ የት ላይ እንደሚለያይ የሚነግረው ሰው ከሌለው፣ ካርታው የቢሮ ግድግዳ ማስጌጫ ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ግድግዳ በካዛንቺስ ፎቆች ውስጥ ብዙ አይቻለሁ።

የመመዘኛ መስፈርቶች

የመጀመሪያው መስፈርት የሚለካው ነገር ምንነት ነው። አንዳንዱ ዘዴ አፈሩን ራሱን ይለካል። አንዳንዱ ተክሉን አይቶ ስለ አፈሩ ይገምታል። አንዳንዱ ሌላ ቦታ ከተወሰዱ ናሙናዎች በመነሣት የእርስዎን ማሳ በኮምፒውተር ያሰላል። ሦስቱም ጥቅም አላቸው፤ ችግር የሚመጣው አንዱ በሌላው ስም ሲሸጥ ነው።

ሁለተኛው ዝርዝርነቱ ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው «ይበልጥ የተዘረዘረ፣ ይበልጥ የተሻለ» ብሎ ያስባል። ማዳበሪያው በእጅና በጣሳ የሚለካ ከሆነ ግን ሠራተኛው ሊያስታውስ የሚችለው ሦስት ወይም አራት መጠን ብቻ ነው። በሳንቲ ሜትር የተዘረዘረ ካርታ በጣሳ አይበተንም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው፦ ውጤቱ ከዘር በፊት ይደርሳል? አራተኛው ዕድሜ ነው። የአፈር ሸካራነት በሰው ዕድሜ አይለወጥም። ፒኤች (የአፈሩ አሲዳማነት መለኪያ)፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ከሦስት እስከ አራት ዓመት ሊያገለግሉ ይችላሉ። ተክል የሚጠቀምበት ናይትሮጅን ግን ከጥቂት ዝናብ በኋላ ሌላ ቁጥር ይሆናል፤ በጥር የተለካ ናይትሬት ለሐምሌ ዩሪያ መመሪያ አይሆንም።

አምስተኛው ወጪ ነው። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፦ የካርታው ወጪ በሄክታር ሲካፈልና በሚያገለግልባቸው ዓመታት ሲከፈል ከግማሽ ኩንታል ዩሪያ ዋጋ ካለፈ፣ አቅራቢው በጣም ጥሩ ምክንያት ማቅረብ አለበት። ስድስተኛው ፈቃድና የመረጃ ባለቤትነት ነው፤ ድሮን ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

አማራጭ አንድ፦ በቦታው ያለ ዕውቀት

ብዙ መመሪያዎች ይህን በመጨረሻ ያነሡታል፤ እኔ በመጀመሪያ አደርገዋለሁ፤ ነጻ ነውና። የማሳ ልዩነት ለዚህ አገር አዲስ ግኝት አይደለም። በ1937 ዓ.ም የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ ያስከፍል ነበር። አዋጁ የጻፈው ገበሬው የሚያውቀውን ነው።

ዛሬም የአካባቢው አራሽ ቀዩ አፈር የት አልቆ መረሬው የት እንደሚጀምር፣ በነሐሴ ውኃ የሚተኛው የትኛው ጥግ እንደሆነ፣ ቀድሞ በረት የነበረበት ቦታ የት እንደሆነ ያውቃል። የመጨረሻው በተለይ ጠቃሚ ነው፦ ከብት ያደረበትና ቤት የነበረበት ቦታ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ከቀሪው ማሳ እጅግ ከፍ ያለ ስለሚሆን፣ ሳያውቁ ከዚያ የተወሰደ አንድ ጭብጥ አፈር ሙሉውን ናሙና ያሳስታል።

ድክመቱ ቁጥር አለመስጠቱ ነው። «እዚህ ምርት ይደክማል» የሚለው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን አሲዳማነት ይሁን የአፈር መሳሳት ወይም የውኃ መተኛት አይለይም። ሦስቱ ደግሞ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ጥልቀቱ በታጠበ ተዳፋት ላይ ኖራ ቢያፈሱበት ብሩ ነው የሚታጠበው።

አማራጭ ሁለት፦ የተዘጋጁ ካርታዎች

ኢትዮሲስ በሚል ስም የሚታወቀው ብሔራዊ የአፈር መረጃ ሥራ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም፣ በያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በኩል ነው። ትልቁ ውጤቱ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ሰልፈር፣ ቦሮን፣ ዚንክና በአንዳንድ ቦታ ፖታሲየም እንደሚጎድል ማሳየቱ ነበር። በዳፕ ቦታ ኤንፒኤስ እና ቦሮን ወይም ዚንክ የተጨመረባቸው ድብልቆች የገቡትም ያንን ተከትሎ ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ ዳፕ በመቶ ኪሎው 18 ናይትሮጅንና 46 ፎስፌት ሲይዝ፣ ኤንፒኤስ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌትና 7 ሰልፈር ይይዛል።

ካርታው የተሠራው ግን ለወረዳ ውሳኔ ነው። የእርስዎ ወረዳ ቦሮን ይጎድለዋል ማለት የእርስዎ ማሳ የላይኛው ክፍል ከታችኛው በምን እንደሚለይ አይነግርም። ከውጭ በነጻ የሚገኙትም እንዲሁ ናቸው። ሶይልግሪድስ የተባለው ዓለም አቀፍ ካርታ አንድ ነጥቡ 250 ሜትር በ250 ሜትር ነው፤ ይህም 6.25 ሄክታር መሆኑ ነው፤ አምስት ሄክታር ያለው ሰው ሙሉ እርሻው በአንድ ቀለም ውስጥ ይጠፋል። አይኤስዲኤ የተባለው የአፍሪካ ካርታ ወደ 30 ሜትር ይወርዳል፤ በስልክ ከፍተው የማሳዎን ፒኤች ማየት ይችላሉ። ያ ቁጥር ግን ከማሳዎ የተለካ ሳይሆን፣ ከሌሎች ቦታዎች ናሙናና ከሳተላይት መረጃ ተሰልቶ የተገመተ ነው። 30 ሜትር የሚለው የስሌቱን ዝርዝርነት እንጂ የእርግጠኝነቱን መጠን አይናገርም።

ታዲያ ለምን ይጠቅማሉ? ምን እንደሚመረመር ለመምረጥ። አካባቢው አሲዳማ ነው ከተባለ፣ ላብራቶሪውን ከፒኤች በተጨማሪ የአሲዳማነቱን መጠን ራሱን እንዲለካ ይጠይቃሉ፤ የኖራ ስሌት የሚሠራው በዚያ ነውና። ከሒልተን ፊት ለፊት የነበረው የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ፣ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ የተጠቃለለው ተቋም፣ የሚያወጣው የ1፡50,000 የመሬት ገጽታ ካርታም በዚህ ምድብ ይገባል። ለአንድ ማሳ ዝርዝሩ በቂ ባይሆንም ጅረቱና ተዳፋቱ ወዴት እንደሚሄዱ በግልጽ ያሳያል።

አማራጭ ሦስት፦ ሳተላይት

ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሁለተኛው በ2017 ከመጠቁ ጀምሮ ማንኛውም ሰው ማሳውን በየአምስት ቀኑ፣ በ10 ሜትር ዝርዝርነት፣ ያለ ክፍያ ማየት ይችላል። አንድ ሄክታር ማለት መቶ ነጥብ ነው። አንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ብንለው፣ 25 ነጥብ ገደማ ሲሆን ዳር ዳሩ ከጎረቤት ማሳ ጋር ስለሚቀላቀል የሚተማመኑበት ከዚያም ያንሳል።

ለተክል የሚያገለግለው ዋናው ቁጥር ኤንዲቪአይ ነው። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፣ ዓይን የማያየውን ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ግን ይመልሳል፤ ቁጥሩ የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሰብሉ ሲደፍን ግን ቁጥሩ ጣሪያ ላይ ይቆማል፤ ያኔ ጥሩውን ከበጣም ጥሩው መለየት ያቅተዋል።

ለእኛ ዋናው እንቅፋት ደመና ነው። የመኸር ሰብል በብርቱ በሚያድግባቸው በሐምሌና በነሐሴ ማሳው ከሰማይ አይታይም። «በየአምስት ቀኑ» የሚለው ቃል ኪዳን ለበጋ መስኖ ስንዴ እውነት ነው፤ ለመኸር ጤፍ ግን እስከ መስከረም ድረስ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው። ደመና ሰንጥቀው የሚያዩ የራዳር ሳተላይቶች አሉ፤ ምስላቸውን መተርጎም ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ስለዚህ ወርኃዊ ክፍያ ሲጠየቁ በክረምት ወራት ምን እንደሚልኩልዎት ይጠይቁ።

እኔ ከሳተላይት የማገኘው ትልቁ ጥቅም በሁለት ሌሎች ጊዜያት ነው። አንዱ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ሰብሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። የአምስት ወይም የስድስት ዓመት የጥቅምት ምስሎችን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ አንድ ዓመት የደከመው ቦታና ሁልጊዜ የሚደክመው ቦታ ይለያሉ። የመጀመሪያው የዘር ወይም የአረም ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው የአፈር ነው። ሌላው ጊዜ ከጥር እስከ የካቲት፣ ማሳው ተነሥቶ መሬቱ ሲገለጥ ነው። የቀይና የጥቁር አፈር ወሰን ከሰማይ እንደ ጥለት ጎልቶ የሚታየው ያኔ ነው። ኪውጂአይኤስ የተባለው ነጻ የካርታ ሶፍትዌርና አንድ የተለማመደ ወጣት ካለዎት ይህ ሁሉ የሁለትና የሦስት ቀን ሥራ ነው።

አማራጭ አራት፦ ናሙናና ላብራቶሪ

ስለ አፈር ቁጥር የሚሰጥ፣ ኖራና ማዳበሪያ ሊሰላበት የሚችል ውጤት የሚገኘው ከዚህ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ይህን ይረዳሉ እንጂ አይተኩትም። ጥያቄው ናሙናው ከየት ይወሰድ የሚለው ነው። ሁለት መንገድ አለ።

በፍርግርግ መንገድ ማሳው በእኩል አራት ማዕዘኖች፣ ለምሳሌ በአንድ አንድ ሄክታር፣ ይከፈልና ከእያንዳንዱ ናሙና ይወሰዳል። ያለ ቅድመ ግምት ሁሉንም ስለሚያይ ሐቀኛ ዘዴ ነው። ሃያ ሄክታር ማለት ግን ሃያ የላብራቶሪ ክፍያ ማለት ነው። ሃያውን ነጥብ ይዘው በኮምፒውተር አለስልሰው ቀለሙ ቀስ እያለ የሚለዋወጥ የሚያምር ካርታ የሚያቀርቡልዎት ሰዎች ይኖራሉ። የአፈር ልዩነት በምን ርቀት እንደሚለዋወጥ በአስተማማኝ ለማስላት ቢያንስ ወደ ሃምሳና መቶ የሚጠጉ ነጥቦች ያስፈልጋሉ፤ ከዚያ በታች የሆነው ለስላሳ ቀለም የሶፍትዌሩ ፈጠራ ነው።

በክልል መንገድ ደግሞ ማሳው በአፈር ቀለም፣ በተዳፋትና በሳተላይት ታሪክ ከሦስት እስከ አምስት ክልል ይከፈላል፤ ከእያንዳንዱ ክልል አንድ ወይም ሁለት ድብልቅ ናሙና ይወሰዳል። ሃያ ሄክታሩ በአራት ወይም በስምንት ናሙና ያልቃል። በእጅ ለሚበተን ማዳበሪያ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ሠራተኛውም አራት ክልል ያስታውሳል። የደጋ ስንዴ ላይ በአገራችን የተደረጉ የመስክ ሙከራዎችም ይህን ይደግፋሉ፦ ሰብሉ ለማዳበሪያ የሚሰጠው ምላሽ በግርጌው ከላይኛው ተዳፋት ይበልጣል። ተዳፋትን ብቻ ይዞ መከፋፈል እንኳ እኩል ከመበተን ይሻላል ማለት ነው።

አወሳሰዱ ላይ ግን ብዙ ናሙና ይበላሻል። ከእያንዳንዱ ክልል በዚግዛግ እየተሄደ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከ0 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ እኩል እኩል አፈር ይወሰዳል፤ በላስቲክ ባልዲ ይደባለቃል፤ ከዚያ እየተከፈለ ወደ ግማሽ ወይም አንድ ኪሎ ይቀንሳል። ባልዲው ዚንክ የተለበጠ ብረት ከሆነ የዚንክ ውጤቱን ይረሱት። ኩይሳ፣ የዛፍ ሥር፣ አጥር ዳር፣ መንገድና የፍግ ክምር ይዘለላሉ። እርጥብ አፈር በላስቲክ ታሥሮ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ለቀናት ከቆየ የናይትሮጅን ቁጥሩ ይለወጣል፤ ከማሳው እንደመጣ በጥላ ሥር ተዘርግቶ ይድረቅ። ቦሌና መርካቶ መካከል ሲዞር የከረመ ናሙና ላብራቶሪው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይድንም።

ላብራቶሪ ሲመርጡ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ይጠይቁ፦ ፎስፈረሱን በየትኛው ዘዴ ነው የምትለኩት? ኦልሰን፣ ብሬይ እና ሜህሊክ 3 የተባሉት ዘዴዎች ከአንድ አፈር የተለያየ ቁጥር ያወጣሉ። ብሬይ ለአሲዳማ፣ ኦልሰን ለገለልተኛና ለአልካላይን አፈር ይስማማሉ። ዘንድሮ አንዱን፣ በሦስተኛው ዓመት ሌላውን ተጠቅመው ሁለቱን ቁጥሮች ካነጻጸሩ፣ ያልተከሰተ ለውጥ ያያሉ። ስለዚህ ከላብራቶሪ ወደ ላብራቶሪ አይዝለሉ።

ይህ ወጪ ምን እንደሚመልስ በኖራ ላይ እንይ። ሃያ ሄክታር ማሳ ነው እንበል፦ ላይኛው 8 ሄክታር ቀይና በጣም አሲዳማ፣ መካከሉ 6 ሄክታር መጠነኛ፣ ግርጌው 6 ሄክታር ጥቁርና ፒኤቹ ገለልተኛ። ለሁሉም እኩል 3 ቶን በሄክታር ከተበተነ 60 ቶን ይሆናል። በምርመራው ላይኛው 4 ቶን፣ መካከሉ 2 ቶን፣ ግርጌው ዜሮ ከሆነ 32 እና 12፣ በድምሩ 44 ቶን ነው። የቀረው 160 ኩንታል ከነመጫኛው፣ ከነማውረጃውና ከነመበተኛው ነው። ከዚህም የሚበልጠው ነገር፣ በእኩል ብተና ላይኛው ማሳ አንድ ቶን እየጎደለው ጥቁሩ አፈር የማያስፈልገውን ይቀበል እንደነበር ነው። ይህን የገለጡት ሦስት ወይም ስድስት ናሙናዎች ናቸው።

አማራጭ አምስት፦ ድሮን

ድሮን ጎብኚ ሲመጣ ለማሳየት የሚወደደው መሣሪያ ነው፤ ለአንዳንድ ሥራም አቻ የለውም። ዝርዝርነቱ በሳንቲ ሜትር ስለሚቆጠር በመስመር የተዘራ በቆሎ ስንቱ እንደበቀለ ይቆጥራል፣ አረም የወረረውን ጥግ ይለያል፣ የተኛ ስንዴ ምን ያህል ቦታ እንደሸፈነ ይለካል። ከደመና በታች ስለሚበር ሳተላይት በማይሠራበት በነሐሴ ዝናቡ ፋታ በሰጠ ሰዓት ሊነሣ ይችላል። ከሁሉም በላይ እኔ የማከብረው ከፎቶዎቹ የሚሠራውን የከፍታ ካርታ ነው፦ በጥቁር አፈር ላይ ውኃው የት እንደሚተኛና ቦዩ በየት በኩል መውጣት እንዳለበት ያሳያል።

ነገር ግን ድሮን አፈር አይመረምርም። የሚያየው ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ለምን እንደገረጣ አያውቅም። ካሜራውም ይለያያል፦ ተራ የቀለም ካሜራ የያዘ ድሮን ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ስለማያነሣ እውነተኛ ኤንዲቪአይ አይሰጥም። አቅራቢው ብዙ የብርሃን ክፍሎችን የሚያነሣ ካሜራ እንዳለውና ከበረራ በፊት በነጭ ሰሌዳ እንደሚያስተካክለው ይጠይቁ።

ፈቃዱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ድሮን ማስገባትና ማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር እና ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ጋር የሚያገናኝ ጉዳይ ነው፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ስለዚህ ከውጭ ዘመድ ድሮን ይላክልኝ የሚለውን ሐሳብ ይተዉት። አገልግሎቱን በኪራይ ይውሰዱ፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የአቅራቢውን ፈቃድ ቅጂ በእጅዎ ይያዙ፤ ፈቃዱ ማሳዎ ያለበትን ቦታ የሚሸፍን መሆኑንም ያረጋግጡ።

አማራጭ ስድስት እና ሰባት፦ መሣሪያዎችና የምርት መዝገብ

አፈር ውስጥ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍን የሚለኩ፣ በትራክተር የሚጎተቱ ወይም በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች አሉ። ሸክላ የበዛበት፣ እርጥበት የበዛበትና ጨው የበዛበት አፈር የበለጠ ያስተላልፋል። በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆና በአዋሽ ተፋሰስ በመስኖ ለሚያለሙ፣ ጨዋማነት ሥጋት ለሆነባቸው ሰዎች እውነተኛ ጥቅም አለው። ለደጋ ማሳ ግን የሚነግርዎት በአብዛኛው ሸክላው የት እንደሆነ ነው፤ ያንን በየካቲት በዓይንዎ ያዩታል።

በደቂቃ ውስጥ በብርሃን አፈር እንመረምራለን የሚሉት የእጅ መሣሪያዎች ካርቦንን፣ ሸክላንና በተወሰነ ደረጃ ፒኤችን ደህና አድርገው ይገምታሉ። ተክል የሚጠቀምበትን ፎስፈረስና ፖታሲየም በመገመት ግን ደካማ ናቸው። ከኢትዮጵያ አፈር በተወሰዱና በላብራቶሪ በተረጋገጡ ናሙናዎች ካልተለማመዱ ደግሞ ካርቦኑንም አላምነውም። አቅራቢው ሁለት መቶ ናሙና በአንድ ቀን አነባለሁ ሲል ፍጥነቱ እውነት ነው፤ እርስዎ ግን ማዳበሪያ የሚወስኑበት ቁጥር ምን ያህል እንደሚስት ይጠይቁት።

የምርት ካርታ ምርት መለኪያና ጂፒኤስ ያለው ኮምባይነር ሲያጭድ የሚሠራው ነው። አርሲና ባሌ በኪራይ ኮምባይነር የሚያሳጭዱ ብዙዎች ስለሆኑ፣ የመሣሪያው መረጃ ወደ እርስዎ ይደርሳል ብለው አይቁጠሩ። ርካሹ ምትክ አጫጁ ከየክልሉ ያወጣውን ኩንታል ለየብቻ መመዝገብ ነው። ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን የማዳበሪያ ለውጥዎ ሠርቶ እንደሆነ የሚፈርደው ይህ መዝገብ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ዘዴ | የሚለካው | ዝርዝርነት | ተስማሚ ጊዜ | የሚያገለግልበት ዕድሜ | ወጪ | ብቻውን ይበቃል? |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የአካባቢ ዕውቀት | የአራሹ ትዝብት | 3–4 ክልል | ሁልጊዜ | ረጅም | ከጊዜ በቀር የለም | አይበቃም፤ ግን መነሻ ነው |
| የተዘጋጁ ካርታዎች | የተሰላ ግምት | ከ30 እስከ 250 ሜትር | ሁልጊዜ | ረጅም | ነጻ ወይም ጥቂት | አይበቃም |
| ሳተላይት | ተክልና የተገለጠ አፈር | 10 ሜትር | ጥቅምት፣ ጥር–የካቲት | ታሪኩ ሲደራረብ ይጠነክራል | ነጻ፤ ለተንታኝ ክፍያ | ክልል ለመለየት ይበቃል |
| ናሙና በክልል | አፈሩ ራሱ | 3–5 ክልል | ጥር–መጋቢት | 3–4 ዓመት | መካከለኛ | ለኖራና ለማዳበሪያ ይበቃል |
| ናሙና በፍርግርግ | አፈሩ ራሱ | 1 ሄክታር ገደማ | ጥር–መጋቢት | 3–4 ዓመት | ከፍተኛ | ይበቃል |
| ድሮን | ቅጠልና ከፍታ | ሳንቲ ሜትር | በበቀለ ሰብል ላይ | የአንድ ወቅት፤ ከፍታው ረጅም | ከፍተኛ፤ ፈቃድ ይፈልጋል | ለአፈር አይበቃም |
| የኤሌክትሪክ መለኪያ | ሸክላ፣ እርጥበት፣ ጨው | ጥቂት ሜትር | አፈሩ መጠነኛ እርጥበት ሲኖረው | ሸክላው ረጅም፣ ጨው አጭር | ከፍተኛ | ለጨው ጥርጣሬ ብቻ |
| የብርሃን የእጅ መሣሪያ | ካርቦን፣ ሸክላ | በተሰካበት ነጥብ | በደረቅ አፈር | እንደ ናሙናው | መካከለኛ | አይበቃም |
| የምርት መዝገብ | ኩንታል | በክልል | በአጨዳ | በየዓመቱ ይጨመራል | ዝቅተኛ | ለፍርድ የግድ ነው |

ለማን የትኛው?

ከአምስት ሄክታር በታች የሚያርሱ ከሆነና በጀቱ ጠባብ ከሆነ፣ ከአራሹ ጋር ማሳውን በእግር ይዙሩ፣ በሁለት ወይም በሦስት ይክፈሉት፣ ሁለት ወይም ሦስት ድብልቅ ናሙና ያስመርምሩ። ከዚህ በላይ የሚያወጡት ሁሉ ከማዳበሪያው ላይ የተቀነሰ ነው።

ከአምስት እስከ ሃምሳ ሄክታር ላለው፣ አብዛኛው የአዲስ አበባ ባለሀብት የሚገኘውም እዚህ ነው፣ የእኔ ምርጫ የሳተላይት ታሪክና የክልል ናሙና ጥምር ነው። ድሮኑን ጥቁር አፈር ላይ ውኃ የሚያስቸግር ከሆነ ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ ለከፍታ ካርታ ይከራዩት።

ኩታ ገጠም ማሳ የሚያስተባብሩ ከሆነ የማሳ ወሰኖቹ ሌላ ሒሳብ ያመጣሉ። አንዱ ገበሬ ለሃያ ዓመት ፍግ ሲያደርግ ጎረቤቱ አላደረገም፤ ከሰማይ አንድ የሚመስለው ቀይ አፈር በመሬት ላይ ሁለት ነው። እዚህ ክልሉን በአፈር ቀለም ብቻ አይክፈሉ፤ የየባለቤቱን የፍግና የሰብል ፈረቃ ታሪክ ከልማት ሠራተኛው ጋር ተቀምጠው ይሰብስቡ። የናሙናውን ወጪም በማኅበሩ በኩል መካፈል ይቻላል።

ከመቶ ሄክታር በላይ ለሚያርስ፣ በተለይ የራሱ ትራክተርና መበተኛ ላለው፣ ፍርግርግ ናሙና ትርጉም የሚሰጠው አሁን ነው። ያም ቢሆን መበተኛው መጠን እየቀያየረ መበተን የሚችል መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ካልቻለ የፍርግርጉ ዝርዝር ተመልሶ ወደ አራት ክልል ይጠቀለላል፣ የከፈሉበት ልዩነትም ይቀራል።

በበጋ መስኖ ለሚያለማ ሰው ደረጃው ይለወጣል። ሰማዩ ጥርት ስለሚል የሳተላይት ክትትል በየሳምንቱ ይሠራል፤ ጨውን መከታተልም ግድ ይሆናል። ለዚህ ሰው ወርኃዊ የሳተላይት ክፍያ ከመኸር አራሹ ይልቅ ያዋጣዋል።

ከአራት ኪሎ ወይም ከቀበና ግቢው ውስጥ ጎመንና ሰላጣ ለሚተክል የከተማ ነዋሪ ከላይ ያለው ሁሉ አያስፈልገውም። እርሱን የሚያሳስበው የማሳ ልዩነት ሳይሆን አፈሩና የሚያጠጣው ውኃ ንጹሕ መሆናቸው ነው። ወንዝ ዳር ከሆነ ከማዳበሪያ ምርመራ በፊት የከባድ ብረቶች ምርመራ ያስደርግ።

ውል ከመፈረም በፊት

የሚረከቡት የተቀባ ወረቀት ብቻ መሆን የለበትም። የናሙናዎቹ ጂፒኤስ መገኛ፣ የላብራቶሪው ጥሬ ውጤት በሰንጠረዥ፣ የድሮኑ ወይም የሳተላይቱ ዋና ፋይል፣ ሁሉም በእጅዎ ይግቡ። ይህ በውሉ ላይ ካልተጻፈ በሦስተኛው ዓመት ሌላ አቅራቢ ሲቀይሩ ከዜሮ ይጀምራሉ። የስልክ ጂፒኤስ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ይስታል፤ ለክልል ሥራ ይህ በቂ ስለሆነ ለበለጠ ትክክለኛነት ተጨማሪ ክፍያ ቢጠየቁ አይስማሙ።

ክፍያውንም በሁለት ይክፈሉት፦ ካርታው ሲደርስ የተወሰነው፣ ምክረ ሐሳቡ በየክልሉ በኩንታል ተተርጉሞ ለሠራተኛው ከተብራራ በኋላ ቀሪው። ብዙ አቅራቢዎች በመጀመሪያው ይጠፋሉ።

የጊዜ ሰሌዳው ደግሞ ጠባብ ነው። ክልሎቹ በጥር ተለይተው፣ ናሙናው እስከ የካቲት አጋማሽ ላብራቶሪ ከደረሰ፣ ውጤቱ በመጋቢት ይገኛል፤ ኖራው ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ ስላለበት እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ማሳ ላይ መድረስ አለበት። በግንቦት ናሙና እናውጣ የሚልዎት አቅራቢ ካለ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ቀጠሮ ይስጡት።